ጓንጉልን ረሳኸው

ያ ሽርሽር ለእኔ ክብር የተዘጋጀ ነው ብዬ ነበር ያመንሁት። ሌላ ምን ላስብ? የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ካርቱም ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤት እንኖር ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ምግብ ቤት ገብተን የበላንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በዚያው ሳምንት ደግሞ አባቴ የሰጠኝን ትልቅ ሥራ ጨርሻለሁ፤ የእሱን ሰባት ቤት አያቶች ሳልደናቀፍ መቁጠር ችዬ ነበር።

አባቴ ጌትነት ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋ ነበር። አገር ቤት በነበረ ጊዜ ዘሩን የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ግድ አልነበረውም። ካርቱም ከገባ ወዲያ ግን፣ የአያቶቹን ስም እንደ መታወቂያ ደብተር ይዞት መዞር ጀመረ። ከሥራ ሲመለስ እግሩን በሳፋ ውሃ ነክሮ ይቀመጥና ያስቆጥረኛል። «ዳኛው፣ ወርቅነህ፣ ካሳ፣ መርሻ፣ ድረስ፣ እሸቴ፣ ተድላ» እላለሁ። አንድም ስም ሳላዛንፍ ስጨርስ ለጎረቤቱ ሁሉ ይናገራል። «የእኔ ልጅ የሰማችውን አትረሳም» ይላል። ይቺ ጉራው በኋላ ጉድ አፈላችብን።

ዓርብ ነበር፤ በዚያ አገር የሥራ እረፍት ዓርብ ነው። ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ በዓለ ሃምሳ ላይ ነን፣ ጾም የለም። እታለም የምላት የአባቴ ታናሽ እህት ትርንጎ፣ ከምትሠራበት የአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት በጠዋት መጣች። ቀሚሷን ሦስት ጊዜ ቀያየረች። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን መልሳ ለበሰችው። ለእኔ ክብር ብላ እንዲህ መልፋቷ ልቤን ነካው።

«አንቺ ባትለብሺም ችግር የለም እኮ» አልኋት ላጽናናት ብዬ።

እናቴ ትዕግስት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

ጎረቤታችን አብራን ልትሄድ ስትጠይቅ አባቴ በትሕትና መለሳት። «ዛሬ የቤተ ዘመድ ቀን ነው» አላት። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ፣ እኔም ልብ ብዬዋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ከእናቴ ጋር ዝግ ባለ ድምፅ ተከራከሩ።

«ሽማግሌ በአሳ ቤት ይቀበሉታል ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«እና የት ልትቀበል? በእኛ ክፍል ሦስት ሰው ከቆመ አራተኛው ደጅ ነው የሚቀረው። እነሱ ደግሞ ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አገራችን ደምቢያ ጠባብ ናት፤ ዘር ሳይቆጠር አይሆንም።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አሳ ቤት መሄዳችን ብቻ ነው።

አሳ ቤቱ ኦምዱርማን ውስጥ፣ ሁለቱ ወንዞች ተገናኝተው አንድ ከሆኑ በኋላ፣ ዳርቻው ላይ ነበር። ዛፎች አሉ፤ ከዛፎቹ ሥር ቀያይ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። የሕፃን ገንዳ በሚያህል መጥበሻ ውስጥ አሳው ከነጭንቅላቱ ይንጫጫል። ሎሚና ቃሪያ በየጠረጴዛው አለ። የዘይቱ ሽታ ከወንዙ ጭቃ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ሲሸተኝ የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ገና ከመቀመጣችን አንድ ነገር አየሁ። ራቅ ብሎ፣ ከግንቡ አጠገብ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የተቀመጠ ሰው አለ። ጆሮዎቹን የትም ባያቸው አውቃቸዋለሁ። በጥምቀት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ስንዞር የያዝሁት እነዚያን ጆሮዎች ነው።

«አያ እንዳልካቸው ያውና!» አልሁ።

«ዞር በይ። አላየሽውም» አለች እናቴ።

«አይቼዋለሁ እኮ።»

«አላየሽውም አልሁሽ።»

እንዳልካቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ይመጣና ያልተበላሸ ነገር ይጠግናል። አምፖሉ ይበራል፣ እሱ ግን ይፈታታዋል። እታለም መብራቱን ይዛ ትቆምለታለች። ለእኔ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የኦቾሎኒ ከረሜላ ነበረው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ብቻውን ጥግ ይዞ ሲቀመጥና እናቴ አላየሽውም ስትለኝ፣ አንድ መልስ ብቻ ታየኝ። ቀኑ የቤተ ዘመድ ነው። እሱ ዘመድ አይደለም። አንጀቴን በላው።

ጥቂት ቆይቶ ሦስት ሰዎች መጡ። በዚያ ድንጋይ በሚያቀልጥ ሙቀት ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ፊት ፊት የሚመጡት አያ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ በካርቱም የእኛ አገር ሰው ሲጣላም ሲጋባም የሚጠሩ ሽማግሌ። አባቴ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ኖር! ተቀመጡ እንጂ።»

«እግዜር ይስጥልን። እንቆማለን» አሉ አያ ወልደኢየሱስ።

«ምነው? እባካችሁ ተቀመጡ።»

«የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም።»

አስተናጋጁ ሱዳናዊ ነበር፤ ቆመው ሲያያቸው ወንበር ያጡ መስሎት ሦስት ወንበር አመጣ። አልተቀመጡም። ሌላ ሦስት አመጣ። አሁንም አልተቀመጡም። እሱ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ እኔ ተነሣሁ። አንዱን ወንበር በእጄ ነካ አደረግሁት፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ይፋጃል። ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌዎቹ መቀመጫቸው እንዳይቃጠል ፈርተዋል፣ ለመናገር ግን አፍረዋል። ማንም ሳያየኝ ከጠረጴዛው ላይ ጆጉን አነሣሁና ለአያ ወልደኢየሱስ በተዘጋጀው ወንበር ላይ ግማሹን ውሃ አፈሰስሁበት። በሥራዬ ረክቼ ቦታዬ ተመለስሁ።

አያ ወልደኢየሱስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ጌትነት፣ የመጣነው ስለ ልጃችን ስለ እንዳልካቸው ነው። ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ልጃችን ልጅ ይሁናችሁ፣ ቤታችሁም ቤቱ ይሁን ብለን ደጅ ልንጠና ነው።»

ልቤ ዘለለ። በቃ፣ ጥግ መቀመጡን እነሱም አይተው አዝነዋል፤ ውሰዱት፣ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ እያሉ ነው። አባቴ ወዲያው እሺ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን አገጩን ያሻሽ ጀመር። እታለም ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ መሬት መሬት ታያለች።

«ልጁን አልጠላሁትም» አለ በመጨረሻ። «ግን እሱም የደምቢያ ሰው ነው፣ እኛም። መጀመሪያ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ መሆን አለመሆኑ ይታይ።»

«አግባብ ነው» አሉ አያ ወልደኢየሱስ። «ቆጥረን ነው የመጣን። እንዳልካቸው ምናለ። የምናለ አባት አዱኛ፣ ከዚያ ፈንቴ፣ መርሶ፣ ጎሹ፣ ዘለቀ። ሰባተኛው ጓንጉል።»

አባቴ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጣት አጠፈ። ከዚያ የራሱን ጀመረ። እኔም ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ አብሬው ቆጠርሁ። ተድላ ላይ ደርሶ ሲያቆም ፊቱ ፈታ አለ።

«የለም። አንገናኝም።»

አሁን ሳስበው፣ በዚያች ቅጽበት እታለም ትንፋሿን ስትለቅ ሰምቻለሁ። እናቴም ፈገግ ብላ ነበር። እኔ ግን የማየው ጆሮዎቹን ብቻ ነው። አንገናኝም ተብሏል፤ ዘመድ አይደለህም ተብሎ ሊባረር ነው። አንድ ስም ብቻ ነበር የጎደለው። እሱም ገና አሁን ከአያ ወልደኢየሱስ አፍ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ።

«አባዬ፣ ጓንጉልን ረሳኸው» አልሁ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«የት ላይ?» አለ አባቴ።

«ከድረስ ቀጥሎ። ድረስ፣ ጓንጉል፣ እሸቴ።»

ሰባቱን ስም ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው፤ ግን ስለ እኔ ስንት ጊዜ እንደፎከረ አስቡት። የሰማችውን የማትረሳ ልጅ ረሳኸው ስትለው፣ የተጠራጠረው ራሱን ነው። «ድረስ፣ ጓንጉል» ብሎ ለራሱ አጉረመረመ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲለው ደግሞ ከድሮም የሚያውቀው መሰለው። አያ ወልደኢየሱስ ራሳቸውን ነቀነቁ። እታለም ተነሥታ ወደ ወንዙ ሄደች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ከደስታዋ ብዛት ታለቅሳለች አልሁ በልቤ። ወንድም ያገኘች እህት ደስ ቢላት ምን ይገርማል?

ሮጬ ወደ እንዳልካቸው ሄድሁ። ፊቱ የቀረበለትን አሳ አልነካውም።

«አያ እንዳልካቸው፣ ተነሥና ከእኛ ጋር ተቀመጥ። ዘመድ ሆነሃል።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ ያገኘሁህ። ጓንጉል የእኛም አያት ነው።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ወደ እታለም። ዓይኑ ቀላ። ቃሪያው ነው አልሁ።

«ሸጋ ነው» አለ ቆይቶ። «ሸጋ ነው፣ አምሳል።» እጁን ኪሱ ከትቶ ሁለት ከረሜላ አወጣና ሁለቱንም ሰጠኝ። አንድ አንድ ነበር የሚሰጠኝ። «በይ፣ ደህና ሁኚ።»

«የት ልትሄድ?»

«ከእንግዲህ እናንተ ቤት አልመጣም።»

«ምነው? ዘመድ እኮ ይመጣል።»

ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እታለምን ላገባት ነበር ያሰብሁት። ሰው ዘመዱን አያገባም፣ እህቴ ሆነች ማለት ነው። እያየኋት እንዴት ብዬ ልምጣ?»

ከረሜላው እጄ ላይ መቅለጥ ጀምሮ ነበር። እንዲያ ያለ ድንጋጤ ከዚያ ወዲህ ደንግጬ አላውቅም። ሸሚዙን ጨምድጄ ያዝሁት። «እዚሁ ቁም፣ እንዳትሄድ» አልሁትና እየጮህሁ ወደ አባቴ በረርሁ።

«ዋሽቼ ነው! ጓንጉል የለም! እኔ ነኝ የጨመርሁት!»

ማን ይመነኝ? «ልጅ እንዲህ ያለ ስም ከየት ታመጣለች?» አለ አባቴ ለሽማግሌዎቹ። «እሷ የሰማችውን አትረሳም። አክስቷ ስታለቅስ አይታ አዝና ነው።» እናቴ እጄን ይዛ ልታባብለኝ ሞከረች። እኔ አለቀስሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልሁ፣ በቅዱስ ሚካኤል ማልሁ። ይባስ ብሎ፣ ልጅ በከንቱ አይምልም ብለው ተቆጡኝ። ለውሸቴ ማንም ምስክር አልጠየቀኝም፤ ለእውነቴ ግን ሚካኤልም አልበቃ አለ።

በመጨረሻ አያ ወልደኢየሱስ፣ አሁንም እንደ ቆሙ፣ «በእናንተ ወገን ዘር የሚቆጥር ማን አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አያ አድማሴ አሉ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም። አገር ቤት፣ ኮላ ድባ ናቸው።»

«ይደወልላቸዋ። የሰው ልጅ ዕድል በሕፃን አፍና በተጨነቀ ሰው ትዝታ አይወሰንም።»

ስልኩን ሌላ ሰው አነሣና ሽማግሌው እስኪጠሩ ስንጠብቅ የኖርን ያህል ጠበቅን። እታለምም ከወንዙ ተመልሳ ከእናቴ ኋላ ቆማ ነበር። እንዳልካቸው እዛው ግንቡ ጋ ቆሟል። አባቴ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አደረገው። ከወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮህ ሰማን፤ ከዚያ የአያ አድማሴ ሳል መጣ።

«አያ አድማሴ፣ ይፍረዱን እስቲ። በሰባቱ ውስጥ ጓንጉል የሚባል አለን ወይ?»

«ምነው ፈለግኸው?»

«ለትርንጎ ነው። የምናለ አዱኛ ልጅ ጠየቃት።»

«ልጁ ምን ያለ ነው?»

«ጨዋ ነው።»

«እሷስ?»

አባቴ ወደ እታለም ዞሮ አየ። «እሷማ ስታለቅስ ነው የዋለች» አለ።

ድምፃቸው ጠፋ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ በል፣ አባዬ» ብዬ ጎተትሁት። ከዚያ እያንዳንዱን ስም እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው እያስቀመጡ ቆጠሩ። «ዳኛው። ወርቅነህ። ካሳ። መርሻ። ድረስ። እሸቴ። ተድላ። ሰባት። በሰባቱ ውስጥ ጓንጉል የለም። ዳሯት።» ስልኩ ተዘጋ።

እናቴ እልል አለች፤ አስተናጋጁ ማንኪያ ጣለ። እታለም እኔን አንሥታ ፊቴን ሳመችኝ፣ ወዲያው ደግሞ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። አያ ወልደኢየሱስም «እንግዲህ አሁን እንቀመጣለን» ብለው፣ በክብር፣ ያን እኔ ያዘጋጀሁላቸውን ወንበር መርጠው ዘፍ አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። ጨዋ ሰው ናቸውና ቃል አልተነፈሱም። ምግቡ እስኪያልቅ ከዚያች ወንበር አልተነሡም፤ ሲነሡም ጋቢያቸውን ወደ ኋላ አጣጥፈው ነው።

አሳው ሲመጣ አገላብጠው፣ ቆዳውን በጥፍራቸው ፈትሸው፣ «ቅርፊት አለው፤ ይበላል» ብለው ባረኩት። እንዳልካቸው መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። አብሮን ከመብላቱ በፊት ግን «ይህ ውሃ ከጣና የወረደ ነው፤ አሳውም የደምቢያ ልጅ ሳይሆን አይቀርም» ሲል፣ እጄን ከትሪው ሰበሰብሁ።

«እሱም ዘመድ ነው እንዴ?» አልሁ።

እታለም ሳቀች። የዚያን ቀን የሳቀችው ያኔ ነው። አባቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለምን ዋሸሽ?» አለኝ።

«ከእኛ ጋር እንዲቀመጥ ብዬ ነው።»

ሊቀጣኝ ያሰበውን ረሳው መሰለኝ፤ ከአሳው ሥጋ እሾሁን ለቅሞ አጎረሰኝ።

ይህ ከሆነ ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። እኛ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ጎንደር ተመለስን። እነ እታለም የካርቱሙ ጦርነት እስኪያስወጣቸው እዚያው ቆዩ። በመተማ በኩል ሲገቡ ልጃቸውን ፅዮንን፣ አንድ ሻንጣና ያን የሚያህል መጥበሻ ይዘው ነበር። አሁን አዘዞ ውስጥ አሳ ቤት አላቸው፤ ቀያይ የፕላስቲክ ወንበሮች ደርድረውበታል። አሳው ከጎርጎራ ይመጣል። እንዳልካቸው ይጠብሳል፣ አምፖሉንም ሳይበላሽ ይፈታታል፤ እታለም ዛሬም መብራት ይዛ ትቆምለታለች።

ባለፈው በፋሲካ ሰሞን አያ አድማሴ ለዓይናቸው ሕክምና ከኮላ ድባ መጡ። እኔ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ሳስመረምራቸው አረፈድሁና፣ ለምሳ ወደ እነ እታለም ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ ተናዘዝሁላቸው።

«አያ አድማሴ፣ ያን ጊዜ በስልክ ያስጨነቅኋችሁ እኔ ነበርሁ። ጓንጉልን ከኪሴ ነው ያወጣሁት።»

ሽማግሌው ድዳቸውን አሳይተው ሳቁ። «ከኪስሽስ አይደለም፣ ልጄ። ተድላን የወለደው ማን ይመስልሻል?»

ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

«ጓንጉል?»

«ጓንጉል ነዋ። ያው የእነሱው ጓንጉል። ቦታውን ነው የሳትሽው እንጂ ስሙንስ አልሳትሽም። በእኛ በኩል ስምንተኛ ነው። አባትሽ የጠየቀኝ በሰባቱ ውስጥ አለ ወይ ብሎ ነው። በሰባቱ ውስጥ የለም። ስምንተኛውን የጠየቀኝ የለም።»

«በእነሱ በኩል ግን ሰባተኛ ነው እኮ።»

«እሱንም የጠየቀኝ የለም።» ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ስታለቅስ ነው የዋለች አለኝ። እኔ ደግሞ የእሷን ለቅሶ ከልጅነቷ አውቀዋለሁ፤ በከንቱ የምታለቅስ ልጅ አልነበረችም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። እሳቸውም በጣታቸው ቆጠሩ፣ ቆጠሩና ዝም አሉ።»

አሳ ቤት ስንደርስ የምሳ ሰዓት ስለሆነ ሰው ሞልቷል። ፅዮን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አያ አድማሴ ከተቀመጡ ጀምሮ ጉልበታቸው ሥር አልጠፋችም፤ ያጠናችውን ልታሰማቸው ትፈልጋለች። ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ መጀመሪያ የአባቷን ቆጠረች፤ እስከ ጓንጉል። እንዳልካቸው ጭልፋውን እንደያዘ በኩራት አያት። ከዚያ የእናቷን ቆጠረች፤ ዳኛው፣ ወርቅነህ፣ ካሳ፣ መርሻ፣ ድረስ፣ እሸቴ፣ ተድላ። እታለም ሎሚ እየቆረጠች በከንፈሯ ተከተለቻት።

«ከተድላ በላይስ?» አለች ፅዮን ወደ እኔ ዞራ። «የተድላ አባት ማን ነው? አምሳል የሰማችውን አትረሳም ይላል አጎቴ።»

አያ አድማሴ በማያይ ዓይናቸው ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሩ። እንዳልካቸው ዘይቱ ላይ አሳ ጨመረ፤ ተንጫጫ። እታለም ቢላዋውን አስቀምጣ መልሴን ትጠብቃለች፤ ግንባሯ ላይ ያች ድሮ ወንዝ ዳር ያየኋት ነጠላ አለች። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ረሳሁት» አልኋት።

«ሸጋ» አሉ አያ አድማሴ፤ በእጃቸው ዳብሰው ትልቁን የአሳ ቁራጭ ፈለጉና ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።